እናቴን ቀበሌ ያስጠራት ማመልከቻ

ናይሮቢ ሁለተኛ ደረጃን በጨረስኩበት ዓመት እኔና ታላቅ እህቴ ካሳራኒ በሚባለው የከተማው ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። አባታችን ወንጌላዊ ነው። ደርግ ቤተ ክርስቲያናችንን አሽጎ እሱን ሲያስረው፣ እናታችን ሁለታችንንም ከነጋዴዎች ጋር በሞያሌ አሻገረችን። ለቀበሌው ግን "ገጠር፣ ዘመድ ጋ ናቸው" ብላ ነው ያስመዘገበችው። ይህ ውሸት እስካልተነቃበት ድረስ በቤቷ ትኖራለች፤ በድብቅ ከአገር ማስወጣቷ ከታወቀ ግን ትታሰራለች።

እህቴ ላቪንግተን በሚባል የሀብታም ሰፈር በአንድ የፈረንጅ ቤት ልጆች ትጠብቃለች። እኔ ኮምፒውተር መማር አምሮኛል። ኮምፒውተር ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ቢሯቸው ወስደው አሳዩኝ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። በኮምፒውተሩ ጥቁር መስታወት ላይ አረንጓዴ ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ የስንዴ ጭነት ሒሳብ ነው። አንዷን ቁጥር እንድቀይር ፈቀዱልኝ። ስቀይራት ከሥር ያለው ድምር ሁሉ አብሮ ተቀየረ። ከዚያ ወንበር መነሳት አቃተኝ።

የአሜሪካ ኮሌጆችን የያዘ ወፍራም መጽሐፍ ከተማ ካለ ቤተ መጻሕፍት አግኝቼ ስማቸውን የሰማኋቸውን ስድስት ትልልቅ ኮሌጆች መረጥኩ። ለጋሼ ሳሳያቸው ፊታቸው አልፈታ አለ።

"እነዚህ ሁሉ ለመግባት እኩል ከባድ ናቸው" አሉኝ። "ሁሉም እምቢ ቢሉሽስ?"

"አንዱ አይጠፋም፣ ይቀበለኛል።"

"ቢቀበልሽስ ማን ሊከፍልልሽ ነው? ተቀብሎ ገንዘብ የማይሰጥሽን ኮሌጅ እንዳልተቀበለሽ ቁጠሪው።"

አፈርኩ። ግን ልክ ነበሩ። አብረን ተቀምጠን እንደገና መረጥን፤ ሁለት የምመኛቸው፣ ሁለት ለውጤቴ የሚመጥኑ፣ ሁለት ደግሞ አይጥሉኝም ያልናቸው። ጋሼ የኮሌጁን ስም ሳያዩ ነበር የሚያነቡት። የኮምፒውተር ትምህርቱ ራሱን የቻለ ነው ወይስ ከሒሳብ ክፍል ጋር የተለጠፈ? ለውጭ አገር ተማሪ እርዳታ ይሰጣል? ለችግረኛ የማመልከቻውን ክፍያ ያነሳል? መጨረሻ ላይ ያስገቡት በረዶ የማይለየው መንደር ውስጥ ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነው። "ይሄ እንኳን ይቅርብኝ" ብዬ ተከራከርኩ። አልሰሙኝም።

ቅጾቹ ሲመጡ ግን ሁሉም አንድ ነገር ጠየቁ። የናይሮቢው ውጤት ብቻ አይበቃም፤ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ከአዲስ አበባው ትምህርት ቤት፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ይምጣ አሉ።

"እማዬ ታውጣልሽ" አለች እህቴ።

"ትምህርት ቤት ሄዳ የልጄን ማስረጃ ስጡኝ ስትል፣ ልጅሽ የታለች አይሏትም?"

"የምትለው አታጣም።"

"አይሆንም። እንዲያውም ሁሉም ይቅር።"

"ይቅር ብለሽ ምን ልትሆኚ ነው? እንደኔ የሰው ልጅ ልትጠብቂ?"

ነገሩን ለጋሼ ነገርናቸው። "በእናታችሁ ላይ እኔ አልወስንም" አሉ። "ስደተኛ መሆንሽን ገልጸን እንጻፍላቸው። የዚህ አገር ትምህርት ቤትሽ ርዕሰ መምህርም ይመስክሩልሽ።" ለስድስቱም እንዲሁ ብለን ላክን። እህቴ ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳችም። የተስማማች መስሎኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣች ነጋዴ እህቴን ወደ ጎን ጠራቻት። እህቴ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። ማታቱ ውስጥ፣ የናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ ነው፣ ገባን። ወደ ሰፈራችን የሚወስደውን የቲካን መንገድ ይዘን፣ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ እየጮኸ፣ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ ነገረችኝ።

"ማስረጃውን አውጪ ብዬ ለእማዬ መልእክት ልኬባት ነበር። ትምህርት ቤቱ ሄዳ ጠየቀች። ከዚያ ቀበሌ አስጠሯት።"

"እና?"

"ነጋዴዋ ከአዲስ አበባ ስትነሳ እማዬ ገና ወደ ቤቷ አልተመለሰችም።"

ጮኽኩባት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ቋንቋችንን የሚሰማ አልነበረም፤ ቢኖርም ግድ አልነበረኝም። ሰፈራችን ሳንደርስ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። እሷም ወርዳ ከኋላዬ ተከተለችኝ፤ ቤታችን እስክንደርስ ግን አልደረሰችብኝም፣ እኔም አልቆምኩላትም።

ከዚያ ወዲያ በአንድ ክፍል ውስጥ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ኖርን። እሷን እህል አስጠላት። እኔ ሌሊት ስነቃ ተንበርክካ አገኛታለሁ፤ ከጎኗ ልንበረከክ እፈልጋለሁ፣ ግን አልችልም። የኮሌጆቹ መልስ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የተመኘኋቸው ሁለቱ አልተቀበሉኝም። ሦስቱ ማስረጃሽ አልተሟላም አሉ። ይቅርብኝ ያልኩት ትንሹ ኮሌጅ ግን የርዕሰ መምህሩን ምስክርነት ተቀብሎ፣ ትምህርቱንም መኝታና ምግቡንም እንደሚሸፍን ጻፈ። ጋሼ በደስታ እጄን ጨብጠው አልለቅ አሉኝ። እኔ የምሄድበትን እንጂ የምደሰትበትን ነገር አላገኘሁም። እናቴ የት እንዳለች አላውቅም ነበር።

ወሬዋን ያመጣልን ሌላ መንገደኛ ነው። ተፈታለች። ለቀበሌዎቹ፣ "ትንሿ ልጄ ከዘመድ ቤት ከወታደር ጋር ኮበለለችብኝ፤ ስትመለስ ሥራ የማስገባት በዚህ ማስረጃ ነው" ብላ አለቀሰችባቸው። የሰባኪ ልጅ ከወታደር ጋር መኮብለሏ ደስ ብሏቸው፣ ሲስቁባት ውለው ለቀቋት። ትራንስክሪፕቱም ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ፣ በጋቢ ጠርዝ ውስጥ ተሰፍቶ ደርሶናል። በሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት ያንን ወሬ ተሸክማ መኖሩን እንዴት እንደቻለችው እስከዛሬ ይገርመኛል።

እህቴ ስፌቱን እየፈታች፣ "ለካ ሳያስፈልግ ነው ያስቀጣኋት" አለች።

ያኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ክሩን አብሬያት ፈታሁ። በኋላ ኮሌጁ ወረቀቱን አይቶ የመጀመሪያውን ዓመት የሒሳብ ትምህርት ሳልወስድ ስላሳለፈኝ፣ ወረቀቱ በከንቱ እንዳልመጣ ጽፌላታለሁ።

የሸኙኝ ጋሼና እሷ ናቸው። እምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ፣ እህቴ የኮቴን ቁልፍ እየቆለፈችልኝ፣ "ለእማዬ በቀጥታ እንዳትጽፊ፣ ከአሜሪካ ደብዳቤ ከመጣላት ይነቃባታል" አለችኝ። "ለእኔ ጻፊ፤ በሰው አደርስላታለሁ።"

እንዳለችው አደረግሁ። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ በስሜ ለእናቴ የላክሁት አንድ ደብዳቤ የለም።