በእረፍት ሰዓት የተጀመረው ግምገማ

ፍኖተ ሰላም የስፖርት መምህር ሳለሁ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አሠለጥን ነበር። ከሁሉም የምትበልጠው ተጫዋቼ ከጅጋ በኩል የመጣች ግራኝ ናት። ስትመታ ኳሱ አይታይም። ችግሯ ንዴቷ ነው፤ ነጥብ በተቆጠረብን ቁጥር ኳሱን በእግሯ ጠልዛ በአጥር አሻግራ በቆሎ ማሳ ውስጥ ትከተዋለች። የልምምዳችን ግማሽ ኳስ ፍለጋ ሆነ።

መከርኋት፤ አልሆነም። ከቡድን አስወጣኋት፤ ተሸነፍንና መለስኋት። ያን ክረምት መምህራን በሙሉ ሦስት ሳምንት አዳራሽ ተዘግቶብን ስንገማገም፣ ድክመታችንን በየተራ ስንናዘዝ ከርመናል። ሌላ ዘዴ ቢጠፋኝ ልጆቹን ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር በክብ አስቀምጬ፣ «ንዴታችሁን እየተናገራችሁ ግለ ሂስ አድርጉ» አልኋቸው።

ወደዱት። ከልክ በላይ ወደዱት። አንዷ ጸሐፊ ሆና ቃለ ጉባኤ መያዝ ጀመረች። ኳስ ሳንነካ የተበተንንበት ቀን ሁሉ ነበር፤ አቀባያችን «ከልብሽ አይደለም» ተብላ ግለ ሂሷን ሦስት ጊዜ ደግማለች።

ቡሬ ለግጥሚያ ሄድን። የመጀመሪያውን ዙር ስንሸነፍ ግራኟ ኳሱን ጠለዘችው፤ የዳኛውን ባርኔጣ ይዞት ሄደ። በእረፍቱ ሰብስቤ አስቀመጥኋቸው። ገና ሁለቱ እንደተናገሩ ዳኛው፣ እሳቸውም መምህር ናቸው፣ ባርኔጣቸውን እያራገፉ መጡ።

«ሰዓት ደርሷል፤ ግቡ እንጂ!»

ጸሐፊዋ እጇን አወጣች። «መምር፣ እርስዎም ያለብዎትን ቢናገሩ።»

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ተለወጠ። ለካ እሳቸውም አዳራሽ ከርመዋል። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «በእኔ በኩል የታየው ድክመት...» ብለው ጀመሩ። ምሳ ስላልበሉ ተነጫንጨው፣ መስመር ውስጥ ያረፉ ሁለት ኳሶችን ወጥተዋል ማለታቸውን አመኑ።

የቡሬው አሠልጣኝ እየሮጠ መጣ። «የትኞቹን ሁለት?» ብሎ ተቀመጠ። የእሱም ልጆች ተከትለውት ተቀመጡ።

ጋቢ የደረቡ አንድ አባት ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ እርቅ ነው?»

«አይ አባቴ፣ ግጥሚያ ነው።»

«እንግዲያው ማን እየመራ ነው?»

«ጸሐፊዋ» አልኋቸው።

ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ያመጣን የአይሱዙ ሾፌር ጥሩንባውን አላቋርጥ ሲል ሁለተኛው ዙር ሳይጀመር ተመለስን። በነጋታው ርእሰ መምህሩ ውጤት ጠየቁኝ። ቃለ ጉባኤውን ሰጠኋቸው። እስከ መጨረሻው አነበቡና ማኅተም አደረጉበት።

ግራኟ ግን ከዚያ ወዲህ ኳስ አልጠለዘችም። ነጥብ ሲቆጠርብን ጥርሷን ነክሳ፣ ረጅም ትንፋሽ ስባ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ኮራሁ። አንድ ቀን ምን እንደረዳት ጠየቅኋት።

«መምር፣ አይቆጡኝና» አለች አንገቷን ደፍታ፣ «ከተናደድሁ ደግሞ ለግለ ሂስ ልንቀመጥ ነው እያልሁ ነው።»

ስብሰባውን ልተወው አስቤ ነበር፤ ፈራሁ። ሐሙስ ሐሙስ ቀጠልን።