እቴቴ ለነፍሰ ጡሯ ልጇ የወሰደችላት መድኃኒቴ

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ገብቼ መድኃኒቴን ልውጥ ብዬ ብልቃጡን ሳነሳው... ቀለለኝ። ሁለተኛውንም አነሳሁ። እሱም ቀሏል። ጠዋት ስወጣ ሁለቱም ሙሉ ነበሩ።

ሌባ ቢሆን ሁሉንም ይወስድ ነበር። የቤቴ መለዋወጫ ቁልፍ ያላት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናት፣ እቴቴ የምላት አክስቴ። እሷ የምትኖረው ክሪስታል፣ እኔ ብሉሚንግተን ነው፤ ሁለቱም የአንድ ከተማ ዳርቻዎች ናቸው። እኔ ሥራ ስሆን ሽሮ ምናምን ልታስቀምጥልኝ ትመጣለች። ከገባች ደግሞ ሳትጎረጉር አትወጣም።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። ወንድ ተብዬ ያደግኩ ትራንስ ሴት ነኝ። ሆርሞን መውሰድ ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል፤ ከዘመዶቼ ግን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ያሳበቀብኝ ፊቴ ነው። ከአፍላነቴ ጀምሮ አገጬን የወረሰው ብጉር እየከሰመ ሄደ። ወዙ ደረቀ። ቆዳዬ ከመሳሳቱ የተነሳ ትንሽ ነገር ሲነካኝ ይበልዛል፣ ብርዱም ጉንጬን ይሰነጣጥቀዋል። እሰይ ማለት ሲገባኝ፣ ሰው ፊቴን ትኩር ብሎ ባየኝ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

እቴቴ አንድ ቀን ብልቃጦቹን አይታ «የብጉር ነው አይደል? ጎሽ! ፊትህን እንዴት እንዳጠራው!» ስትለኝ ዝም አልኩ። እሷም ዝምታዬን እንደ አዎ ወሰደችው።

ደወልኩላት።

«እቴቴ፣ መድኃኒቴን ነክተሻል?»

«አዎ፣ ለቤዛ ነዋ! ከሁለቱም ግማሽ ግማሹን በሶፍት ጠቅልዬ ወሰድኩላት። አንተም እንዳትቸገር ብዬ ነው ግማሹን የተውኩልህ። እርግዝናው ፊቷን እኮ ጉድ አደረገው፤ ብጉር በለው፣ ማዲያት በለው...»

መጀመሪያ እፎይ አልኩ፤ ምስጢሬን አላወቀችም። እፎይታው ግን አንድ ትንፋሽ አልቆየም። ቤዛ የእቴቴ ልጅ ናት፣ ሆዷ ገፍቷል። ከምውጣቸው አንዱ የወንድ ሆርሞንን የሚያፍን ነው፤ አብሮት የተሰጠኝ ወረቀት እርጉዝ ሴት እንዳትወስደው ይላል። የቤዛ ሆድ ውስጥ ያለው ደግሞ ወንድ ነው ተብሏል።

ደጋግሜ ብደውል ቤዛ አታነሳም። እሷ እስከምትኖርበት ዉድበሪ ድረስ በበረዶ ነዳሁ። እመቤቴ፣ እንዳትውጠው አድርጊልኝ እያልኩ ጮክ ብዬ እጸልይ ነበር።

ቤዛ በሩን እየሳቀች ከፈተችልኝ። «ምነው በዚህ በረዶ? ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ተኝቼ ነበር እኮ።»

ሶፍቱ ጠረጴዛው ላይ ተፈትቶ ተቀምጧል።

«ከዚህ ውጠሻል?»

«አዎ፣ ምሳ እንደበላሁ። ከሁለቱም አንዳንድ። እማዬ ፊትሽ ልክ እንደ እሱ ይጠራልሻል ብላ...» አየችኝና አቋረጠችው። «ምንድን ነው? አስፈራኸኝ እኮ!»

እሷ የምትታከምበት ክሊኒክ ደውለን ነርስ አገናኙን። ቤዛ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። ነርሷ የመድኃኒቶቹን ስም ጠየቀች። ቤዛ ከየት ታውቀው? ስሙ ያለው እኔ ቤት የቀሩት ብልቃጦች ላይ ነው። ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው።

እንደዚያን ሰዓት ፈርቼ አላውቅም። ቤዛ የምትሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፣ መድኃኒት ታድላለች። የሴት ሆርሞኑን፣ ኢስትሮጅንን፣ ከጠራሁ እንደሚገባት አውቃለሁ። የሆነ ቫይታሚን ስም ብጠራ ማን ያውቅብኝ ነበር? ሆዷን አየሁት። ሁለቱንም ስም ከነመጠናቸው ተናገርኩ።

ነርሷ የማን እንደሆኑና ለምን እንደታዘዙ ጠየቀች።

«የእኔ ናቸው። ትራንስ ሴት ነኝ» አልኳት በእንግሊዝኛ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። ነርሷ ምንም አልመሰላትም፤ ኪቦርዷ ሲንቋቋ ብቻ ይሰማል። አንዴ መዋጧ ልጁን ይጎዳዋል ብላ እንደማታስብ፣ ሁለተኛ ግን እንዳትነካው፣ ሰኞ ደግሞ ሐኪሟ እንድታያት ነገረችንና ዘጋች።

ቤዛ ቆማ ታየኛለች። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

«ለምንድን ነው ያልነገርከን?» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «ብትነግረን ኖሮ እማዬ ትነካው ነበር?»

ኮቴን ላነሳ ስል እጄን ያዘችኝ። «ደግሞ የት ልትሄድ ነው? ባሌ እስኪገባ ብቻዬን አትተወኝ።» ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እሷ ለሆዷ ፈርታ፣ እኔ ከአፌ ለወጣው ፈርቼ።

ሰኞ ሐኪሟ አየቻት። ልጁ ደህና ነው፣ ተመስገን። ቤዛም ለእናቷ «ለእርጉዝ አይሆንም ተባለ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም። «የቀረውን ራስህ ንገራት» ነው ያለችኝ። እኔም እሺ እሺ እያልኩ፣ ስልኬ በጮኸ ቁጥር እየደነገጥኩ ሳምንቱን ገፋሁት።

ትናንት እቴቴ ደወለች።

«ስማኝማ፣ ያ መድኃኒት ለእርጉዝ ብቻ ነው አይደል የማይሆነው? ቤተክርስቲያን የማውቃት ሴትዮ ልጅ አለ፣ በቅርቡ ሊያገባ ነው። ፊቱን ብጉር ጨርሶታል፣ ምስኪን። ለሠርጉ ይድረስለት ብዬ ነው። መቼስ ወንድ አያረግዝ! ትንሽ ትሰጠኛለህ?»

ከዚህ በላይ ዝም ብል በማን ሆድ ምን እንደሚገባ እንጃ።

«እቴቴ» አልኳት፣ «ቆመሽ ከሆነ... ቁጭ በይ።»