ገና ያልወጣው ልጅ

በፈረንጅ አቆጣጠር ግንቦት 14 ቀን 2019። የእናቴ የዶሪን የመንዳት ልምምድ ደብተር በዚህ ቀን ሥር «ወደ ኋላ እየነዱ መኪና ማቆም፦» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከእንቅልፏ አልነቃችም።

እናቴ እንግሊዝ አገር ሐል ከተማ ውስጥ ትምህርት ቤት በር ላይ መኪና ማስቆሚያውን ክብ ምልክት ይዛ ሃያ ሁለት ዓመት ልጆች አሻግራለች። መኪና ግን ነድታ አታውቅም ነበር። በስልሳ ሦስት ዓመቷ የጀመረችው ለወንድሟ ለክላይቭ ብላ ነው። ዓይኑ ደክሞ መንጃ ፈቃዱን መልሷል፣ የእሁዱ አውቶቡስም ቀርቷል፤ ሚስቱ ኖርማ ደግሞ ያለችው ዊዘርንሲ የምትባል ሌላ ከተማ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ጥቂት እሁዶች ከቀረ ኖርማ መልኩን እንዳትረሳው ይፈራ ነበር።

መኪና ላይ ከመፈተን በፊት የሚወሰደው ፈተና ሁለት ክፍል አለው፤ የጽሑፍ ጥያቄዎቹን በቀላሉ አለፈች። በቪዲዮው ክፍል ግን ሁለት ጊዜ ወደቀች። እዚያ የሚጠየቀው አደጋ መፈጠር ሲጀምር ማውሱን መጫን ነው፤ የዘገየ ነጥብ ይቀነስበታል። ዘገየች ብዬ ከጎኗ ሰዓት ይዤ ተቀመጥኩ። አልዘገየችም። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰችው የመለማመጃ ዲስክ ግን ዜሮ እየሰጣት ቀጠለ።

ነገሩን ያገኘው በቅጡ የማያየው ክላይቭ ነው። ማውሱ ቀጭ ሲል ሰማና ምን እንዳየች ጠየቃት።

«ከአይስክሬም መኪናው ሥር የልጅ ጫማ» አለች።

«ልጁ ወጣ?»

«ገና ነው። ግን መውጣቱ አይቀርም።»

«እንግዲህ ቀድመሽው ነው የምትጫኚው፤ ማሽኑ እንዳንቺ ልጅ አላሻገረ፣ ምን ያውቃል? ምልክትሽን ይዘሽ ወደ አስፋልቱ የምትገቢው መቼ ነበር?»

«እግሩን ሲያነሳ።»

«በቃ፣ ያኔ ድገሚው፣ የኔ እመቤት።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ትጫን ነበር፦ አንዴ ለራሷ፣ አንዴ ለማሽኑ። በሦስተኛው ፈተና ከሰባ አምስት ሃምሳ አንድ አግኝታ አለፈች። ክላይቭ ውጤቱን ሦስት ጊዜ አስነብቦኝ፣ በዚያው እሁድ ለኖርማ ስልክ ደውሎ፣ እህቱ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ በእሷ መኪና እንደሚመጣ ነገራት። የመንዳት ፈተናዋ ለሰኔ 3 ተቀጥሮ ነበር። አሁን ክላይቭን እሁድ እሁድ ወደ ኖርማ የምወስደው እኔ ነኝ።

ዲስኩን የመለሰችው በዚያው በግንቦት 14 ነው፤ ደረሰኙ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ይላል። ኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ሄጄ ከመደርደሪያው አወጣሁት። ሽፋኑ ውስጥ በእጇ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት አለ፦ «ቀድመህ ካየህ አላጠፋህም። ልጁ እግሩን ሲያነሳ ድገመው።» ቀጣዩ ተዋሽ እንዲያገኘው መልሼ ከነበረበት አኖርኩት።