«አውቀዋለሁ» ያሉኝ ሴት

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። «ዓይኔ አይዋሽም» የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ነቀምቴ ገበያ አጠገብ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። አንዲት ቅቤ የሚሸጡ እናት ነበሩ፤ አዴ ጫልቱ ልበላቸው። ጠዋት በደጄ ሲያልፉ «አካም ቡልቴ?» ይሉኛል፣ «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ እላቸዋለሁ። ከሰላምታ ያለፈ አንተዋወቅም፤ ስሜን እንኳ አያውቁትም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ዶፍ ዝናብ ሲጥል፣ አንድ ጎረምሳ የአንገት ሀብላቸውን በጥሶ ሮጠ። ፖሊስ በአካባቢው ያገኘውን ወንድ ሁሉ ሲሰበስብ እኔም ሲንጀሬን ሸፍኜ ልሄድ ስል ተያዝኩ። ጣቢያ ተሰለፍን። አዴ ጫልቱ እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እኔ ጅሉ፣ የሚያውቁኝ ሰው መጡልኝ ብዬ እፎይ አልኩ።

«ናን ቤካ» አሉ። አውቀዋለሁ ማለታቸው ነው። ቀጥለውም «እሱ ነው፣ ዓይኔ አይዋሽም» አሉ።

ታሰርኩ። እጮኛዬ የአርጆ ልጅ ነበረች። አባቷ ለጉዳይ ነቀምቴ መጥተው ኖሮ፣ በካቴና ፍርድ ቤት ስወሰድ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ወዲያው ቀለበቴን መለሱልኝ።

ኋላ ሌባው ሀብሉን ሲሸጥ ተያዘና ተፈታሁ። አዴ ጫልቱ እርጥብ ሣር ይዘው ከሽማግሌዎች ጋር ለይቅርታ መጡ። እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸውና እንዴት በእኔ ላይ መሰከሩ አልኳቸው።

«የሌባውን ፊት መች በደንብ አየሁት ልጄ፣ ደንግጬ ነበር» አሉ። «ያንተ ፊት ግን ውስጤ ነበረ። ከየት እንደማውቅህ ጠፋብኝ፤ ከዚያ ዝናብ ውስጥ መሰለኝ።»

መምህር የሆነ ደንበኛዬ፣ አእምሮ ዓይን ያላየውን ሳናውቀው ከትዝታ እያመጣ ይሞላዋል ብሎ አስረዳኝ። ገባኝ። መግባቱ ምን ይጠቅመኛል?

አዴ ጫልቱን ይቅር አልኳቸው። ሽማግሌዎቹም አርጆ ድረስ ሄደው እውነቱን ለእጮኛዬ አባት ነገሩልኝ። አባትየው በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ንጹሕ መሆኑን አምኛለሁ። ግን ያን ልጅ ባሰብኩት ቁጥር ካቴናው ነው የሚታየኝ» አሉ። ልጅቷም ባለፈው ጥር ለሌላ ተዳረች።

ቢጠረጥሩኝ ይሻለኝ ነበር፤ ማስረጃ አምጥቼ እከራከር ነበር። አምኖኝ የከለከለኝን ሰው ምን ብዬ ልከራከረው?