የኮልማን ሄፈርናን ሃያ ሁለት ደብዳቤዎች

ኮልማን ሄፈርናንን ባለፈው የካቲት ቀበርነው። ቄሱ በቀብሩ ላይ ደግ ደጉን ብቻ አወሩ። እኔ ቄስ አይደለሁም፤ በመንደራችን ፖስታ ቤት ሠላሳ ዓመት ቴምብር የሸጥኩ ሴት ነኝና የማውቀውን እናገራለሁ። ሰውየው ጉረኛ ነበር፤ ጉራውም የእህቱን ኑሮ በላው።

ከአባታቸው የወረሱት ረግረግ ሦስት ላም እንኳ አያጠግብም። ከአጥራቸው ማዶ ግን ካሪጋዱን የሚባል ጣሪያው የተናደ ግንብ ከነአርባ ኤከር ሣሩ ጦሙን ያድር ነበር። የግንቡና የመሬቱ ባለቤት ወይዘሪት ትሬንችፎርድ እንግሊዝ አገር የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ፤ መሬታቸውን መጥተው አይተውት አያውቁም። የኮልማን እህት ዴላ አንድ የጸደይ ወቅት ቋሚውን በትከሻዋ ተሸክማ፣ ሽቦውን በእጇ ወጥራ ቦታውን አጠረችና ከብቶቹን አስገባች። ኮልማን ያን ሰሞን ወገቤን ብሎ ተኝቶ ነበር።

በእኛ አገር ሕግ የሰው መሬት አጥሮ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ፣ ባለቤቱም ሳይጠይቀው አሥራ ሁለት ዓመት የተቀመጠበት ሰው መሬቱ የራሱ ይሆናል። ይህን ፊደል ያልቆጠረም ያውቀዋል። አጥርን መጠገንና አፍን መዝጋት ብቻ ነው። ዴላም አፏን ዘጋች።

ለኮልማን ግን ዝም ማለት ሞቱ ነው። «አያቶቼ የዚህ ግንብ ጌቶች ነበሩ» ይላል። የእኔ አያት እንደሚሉት ከሆነ የሄፈርናኖች ሥራ የጌቶቹን አሳማ መቀለብ ነበር። በየዓመቱ ገና ሲቃረብ ግንቡን እንዲሸጡለት ለወይዘሪቷ ይጽፋል። የሚገዛበት ሰባራ ሳንቲም የለውም። ከዚያ ፖስታ ቤት መጥቶ መስኮቴ ላይ ደረቱን ነፍቶ ቆሞ ያነብልኛል፦ «ክብርት ሆይ፣ ከብቶቼ በእርስዎ መሬት ላይ በመልካም ፈቃድዎ ይግጣሉ። የአባቶቼን ግንብ ግን ከእጅዎ በክብር መቀበል እሻለሁ።» አሮጊቷም ለጊዜው የመሸጥ ሐሳብ እንደሌላቸው በትሕትና ይመልሱለታል። እሱ መልሱን በየመጠጥ ቤቱ እያዞረ ያሳያል።

አንድ ጊዜ ዴላ እዚያው መስኮቴ ላይ ደረሰችበት።

«ኮልማን፣ በማርያም እለምንሃለሁ፣ ሴትዮዋን ተዋት። ዝም ካልን መሬቱ ራሱ ይመጣል» አለችው።

«እኔ እንደ ሌባ በአጥር ሾልኬ የአባቶቼን ርስት አልወስድም።»

«አጥሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንተ በየት በኩል ሾለክህ?»

እኔ ሳቅሁ። ቴምብሩንም ሸጥኩለት።

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ አሮጊቷ ሞቱ፤ የወንድማቸው ልጅም መሬቱን ጥድ ለሚተክል ኩባንያ ሊሸጠው ተነሣ። ዴላ መብቷን ልታስከብር ከተማ ጠበቃ ዱጋን ዘንድ ሄደች። በመኪናዬ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፤ ኮልማንም አንድ ወፍራም ማኅደር ታቅፎ ተከተለን። ጠበቃው የአጥሩን ታሪክ ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ምስክር የሚሆኑ ጎረቤቶችንም ስም ጻፈ። በመጨረሻ፣ ለመሬቱ ባለቤት ጽፋችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ዴላ ዓይኗን ጨፈነች። ኮልማን ግን ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል፤ የደብዳቤዎቹን ግልባጭ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋለት።

ጠበቃው ከደብዳቤዎቹ ሁለቱን ካነበበ በኋላ መነጽሩን አወለቀ። «አቶ ሄፈርናን፣ ‹የእርስዎ መሬት› ብለው በፈረሙ ቁጥር አሥራ ሁለቱ ዓመት እንደ አዲስ ይጀምራል። የመጨረሻውን የጻፉት ባለፈው ገና ነው» አለው።

«ስንት ናቸው?» አለች ዴላ።

«ሃያ ሁለት» አለ ኮልማን፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሲናገር ኩራት ነበረበት። «አንዱም አልጠፋብኝም።»

ዴላ አላለቀሰችም። የአጥሩ ሽቦ ጠባሳ የተወባቸውን እጆቿን እያየች ጠበቃውን ጠየቀችው፦ «አጥሩስ የእኔ ነው? ወይስ እሱንም ጽፎ ሰጥቷቸዋል?»

ከብቶቹ ተሸጡ። ዴላ በስልሳ ዓመቷ ከተማ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ሆና ገባች። በዚያው ዓመት ገና ሲቃረብ ኮልማን ኮሌታውን አስተካክሎ መስኮቴ ላይ ቆመ። በፖስታው ላይ የጥዱ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ስም ተጽፏል።

«ቴምብር አልቋል» አልኩት። መሳቢያው ሙሉ ነበር። ይህን ውሸት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ብዋሸው ኖሮ ዴላ የሰው አንሶላ አታጥብም ነበር።