ጸዳለ እና ልዑሎቿ

የልዑል ፊልም አልወድም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም የማወራው ስለ እሱው ነው። ስሜ ንግስት ነው፤ ከቤተ መንግሥት ጋር ያለኝ ዝምድናም በዚሁ ያበቃል። ይሁን እንጂ አንዱንም ቁጭ ብዬ ሳላይ ሁሉንም ፊልሞች አውቃቸዋለሁ። ያወቅኳቸው ከጸዳለ ነው።

እኔና ጸዳለ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ እናጥፍ ነበር። ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይወጥራል፣ ያራግፋል፣ ተጠጋግቶ ጫፍ ለጫፍ ያገጣጥማል፣ እንደገና ወደ ኋላ ይላል። ጸዳለ ያየችውን ፊልም የምትተርክልኝ በዚህ መሀል ነው። ስንራራቅ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች፤ ስንጠጋጋ ምስጢሩን በሹክሹክታ ትነግረኛለች። አንድ ፊልም ስልሳ አንሶላ ያህል ይፈጃል።

ታሪኩ ሁልጊዜ ያው ነው። ካርታ ላይ የሌለ፣ በረዶ የማይጠፋበት አገር አለ። ልዑሉ ተራ ሰው መስሎ ይመጣና ኬክ ከምትጋግር ልጅ ጋር ይዋደዳል። ከዚያ ማንነቱ ይታወቃል፤ ልጅቷም "ዋሸኸኝ" ብላው ትሄዳለች። እናትየው ንግሥት ፊቷን ታጠቁራለች። በመጨረሻ ትልቅ ጭፈራ ይደገስና ልጅቷ ትመለሳለች። "ይሄ ልዑል ሥራ የለውም እንዴ?" እላታለሁ። "ንግስቴ፣ አታቋርጪኝ" ትለኛለች።

አንድ ቀን ግን የምሬን ጠየቅኳት። አርባ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ባቡር ቀያይራ ሥራ የምትገባ ሴት ከዚህ ምን ታገኛለች?

"መጨረሻውን አውቀዋለሁ" አለችኝ። "ቪዛ ስጠብቅ መጨረሻውን አላውቅም ነበር። ግሪን ካርድ ስጠብቅም እንደዛው። እዚህ ግን ሻዬን ይዤ ቁጭ እላለሁ፤ ማንም አይሞትም፣ ማንም ከሥራ ፋየር አይደረግም፣ የዋሸውም ይታረቃል።"

የመጨረሻውን ነገር ለምን እንዳለች የገባኝ ቆይቶ ነው።

ባሏ ሠረቀብርሃን ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። በትልልቅ ቤቶች ድግስ ሲኖር የእንግዳ መኪና ተቀብሎ ያቆማል። በፈረንጆቹ 2004 ሊጋቡ ሲጻጻፉ፣ አሌክሳንድሪያ ካለ አንድ ባለ ስድስት ዓምድ ነጭ ቤት ፊት ሱፍ ለብሶ የተነሳውን ፎቶ አዲስ አበባ ላከላት። ቤቱ የኔ ነው አላለም። የኔ አይደለምም አላለም። ጸዳለ በዓመቱ ስትመጣ የገባችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሰው ቤት ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ያለው ወለል ውስጥ ነው። "እኔ ፎቶ ነው የላክሁት፣ ምን ዋሸሁ?" ይላል እስከ ዛሬ። በፊልሙ ልዑሉ ተራ ሰው መስሎ ይመጣል፤ እኛ ጋ ተራው ሰው ነው ልዑል መስሎ የሚመጣው።

ሁለት ወር ሙሉ አኮረፈችው። "በሩን ዝጋው" እና "ስልክህ ይጠራል" ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ ላይ የልዑል ፊልም መጣ። ልጅቷ ውሸቱን ደርሳበት ስትሄድ ጸዳለ ወደ ባሏ ዞራ "አየህ?" አለችው። "ቆይ፣ አላለቀም" አላት። ቆየች። ልጅቷ ተመለሰች። በዚያን ቀን ራት አብረው በሉ፤ ከፊልሞቹ ጋር የተዋደደችውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ጉዱ ግን ሌላ ነው። እናቷና ታናሽ እህቷ ሃይማኖት ነጩን ቤት በፎቶ ያውቁታል፤ "እስቲ አንቺም ቤትሽ ፊት ተነሺልን" አሏት። ባሏን አስከትላ ሄደችና ተነሳች። ከዚያ በኋላ በየፋሲካው አዲስ ቀሚስ ለብሳ እዚያው ትነሳለች። "ቤቱ ደህና ነው?" ትላታለች እናቷ በስልክ። "ደህና ነው" ትላለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ2014 ሃይማኖት ዲቪ ደርሷት ልትመጣ ሆነ። ጸዳለ መተረኳን አቆመች። አንሶላውን ዝም ብለን ማጠፍ ጀመርን፤ እውነት ለመናገር፣ ቀኑ አልገፋ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሁሉንም ዘረገፈችልኝ።

"ዛሬውኑ በቫይበር ደውለሽ ንገሪያት" አልኳት።

"ደወልኩ እኮ። እማዬ ስልኩን ተቀብላት 'ክፍሏን አዘጋጀሽላት?' አለችኝ። አዎ አልኳት።"

ተናደድኩ። "ሥራዋን ለቃ የምትመጣ ልጅ እንዴት በፎቶ ትሸወዳለች?"

"ብትሄድብኝስ? ዳላስ ጓደኛ አላት፤ ነይልኝ እያለቻት ነው። ከሷ ሌላ እህት የለኝም፣ ንግስቴ።" አንሶላውን እንደያዘች ቆመች። "በፊልም እኮ ማንም ራሱ አይናገርም፣ ሌላ ሰው ነው የሚያጋልጠው። እኔ ራሴ ብነግራትስ? ትቆይ ይሆን?"

እኔ ምን አውቄ። ንገሪያት ብቻ አልኳት።

ሃይማኖት የመጣችው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሠረቀብርሃን ሥራ ስለነበረው እዚሁ ቅርባችን ያለው ደለስ ኤርፖርት ሄደን ፒክ አፕ ያደረግናት እኔና ጸዳለ ነን፣ በእኔ መኪና። ተሳስመው፣ ተላቅሰው፣ ሻንጣ ከጫንን በኋላ ጸዳለ "በአሌክሳንድሪያ በኩል እንሂድ" አለችኝ። ከደለስ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመሄድ ይህ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ግን ስለገባኝ መሪውን ወደዚያ አዞርኩ።

ነጩ ቤት ፊት አቆምኩ። ሃይማኖት ፈገግ ብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወረደች። ሻንጣዋን ልታወርድ ስትዞር ጸዳለ እጇን ያዘቻት።

"ሃይሚ፣ ሻንጣውን ተዪው። ይሄ ቤት የኔ አይደለም። የማን እንደሆነም አላውቅም። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ዋሽቼሻለሁ። እማዬንም ዋሽቻታለሁ።"

ሃይማኖት ቤቱን አየች፤ እህቷን አየች። "ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?" አለች።

"ዘጠኝ ዓመት።"

ተመልሳ መኪናው ውስጥ ገባች። ሲልቨር ስፕሪንግ እስክንደርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

ቤዝመንቱ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ነው። ሳሎኑ ጣሪያ ላይ ወፍራም የውኃ ቧንቧ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያልፋል። ያለው አንድ መስኮት ከትሪ አይሰፋም። ሃይማኖት ሁሉንም ቆማ አየችና ትልቁን ሻንጣ ከፈተች። "እማዬ የላከችልሽ ነው" አለች። መጋረጃ ነው። ሽሮ ሜዳ የተሸመነ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ። አሥራ አንድ ነበር።

"ፎቶው ላይ መስኮቶቹን ቆጥራ ነው" አለች ሃይማኖት።

ጸዳለ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ አልዋሽም።

ሃይማኖት ወደ እኔ ዞረች። "የዳላስ አውቶቡስ ከየት ነው የሚነሳው?"

ለጸዳለ ስል አላውቅም ልላት ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። "ከዩኒየን ስቴሽን" አልኳት።

"ከፈለግሽ ንግስት ታደርስሻለች" አለች ጸዳለ፣ ቀና ሳትል። "አልቀየምሽም።"

ፊልም ቢሆን ይሄኔ ሙዚቃ ይገባ ነበር። እኛ ጋ የሚሰማው ፍሪጁ ብቻ ነው።

"የት ልታስተኚኝ ነበር?" አለች ሃይማኖት በመጨረሻ።

ጸዳለ ሶፋውን አሳየቻት። አዲስ ትራስና ብርድ ልብስ ተደርጎበታል። "በር የለውም" አለች አፍራ።

ሃይማኖት ሶፋውን፣ ከዚያ ቧንቧውን አየች። ጫማዋን አወለቀች፤ ወንበር ስባ ወጣችበት። "አንዱን አቀብዪኝ" አለቻት እህቷን። መጋረጃውን በቧንቧው ላይ ወረወረችው። "ጫፉን ያዢና ወጥሪው።" ጸዳለ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ተነሳች፤ መወጠር ደግሞ ሥራዋ ነው። አንዱ ተሰቀለ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። በአራተኛው ሶፋው ከሳሎኑ ተለየና ራሱን የቻለ ክፍል ሆነ።

"ሰባት ተረፈ" አለች ጸዳለ፣ በፍርሃት።

"ይቀመጥ። እዚህ ቤት ዕድሜ ልካችሁን ልትኖሩ ነው እንዴ?"

ይህን ስትል ጸዳለ ስቅስቅ ብላ እንደገና አለቀሰች፤ ይኼኛው ግን የእፎይታ ነበር። እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ለእማዬ ፎቶ እንላክላት" አለች ሃይማኖት ከወንበሩ ወርዳ። "ቧንቧውም ይታይ።"

"ትቀየመኛለች።"

"ትቀየምሻለች። ሳምንት አታናግርሽም። ከዚያ ራሷ ትደውላለች።"

ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። ሁለቱ ጎን ለጎን እንደቆሙ ሠረቀብርሃን ከሥራ ገባ። ደረቱ ላይ "ፓርኪንግ" የሚል የተጻፈበትን ቀይ ጃኬት ለብሷል። ሃይማኖትን ሳማት፤ መጋረጃውን አየ፤ ስልኩን አየ። የሆነው ሁሉ ወዲያው ገባውና ወደ መኝታ ቤቱ አፈገፈገ። "ሱፌን ለብሼ መጣሁ፣ አንድ ደቂቃ" አለ።

"ጋሼ፣ ይተዉት" አለችው ሃይማኖት፤ በእሷና በእህቷ መሀል ቦታ ለቀቀችለት። "እንደለበሱት ይግቡ።"