ሦስት ድስት ዶሮ፣ አንድም እንጀራ የለም

ትናንት ልጄ ሰላም በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ የድምፅ መልእክት ላከች። "ዘንድሮ እንቁጣጣሽን ቡራዩ እኔ ቤት ነን። ማንም እንዳይደክም ሁሉም አንዳንድ ነገር ይዞ ይምጣ። ዶሮውን እኔ እሠራለሁ። እማ፣ አንቺ እንጀራ ብቻ።"

እንጀራ ብቻ! ደግሜ ሰማሁት። "ብቻ" የምትለዋ ላይ ስትደርስ አሁንም ደሜ ፈላ። ልጄ ክፋት የላትም፤ ለጉልበቴ አዝና ነው። ግን ይህን ሐሳብ ከእሷ በፊት ማን እንደሞከረው፣ ምን እንደደረሰበትም አታውቅም። የሞከርኩት እኔ ነኝ፤ ገና ልጃገረድ ሳለሁ።

የምንኖረው ሰበታ ነበር፤ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። አባቴ ካረፈ በኋላም የበዓል መሰብሰቢያው የእኛው ቤት ነው። የእናቴ ታላቅ እህት አክስቴ በላይነሽ ከቡራዩ፣ አጎቴ ኦቦ ደበላና ሚስቱ አዴ ጫልቱ ከሱሉልታ፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ይመጣሉ። ደስ ይላል፤ ለሚመጣው ሰው። እናቴና እኔ በዓልን የምናውቀው በድምፁ ነበር። ሳሎን ሲሳቅ ጓዳ ሆነን እንሰማለን። አንዱ ውሃ ይላል፣ አንዱ እንጀራ ጨምሩ ይላል። እኛ የምንቀምሰው እንግዳ ከተሸኘ በኋላ፣ ቆመን፣ ከድስቱ ላይ ነው።

የዚያን ዓመት ክረምት የእናቴ ወገብ ባሰባት። ጎንበስ ካለች ቀና ለማለት ግድግዳ መያዝ ጀመረች። እኔም ቆረጥኩ፤ በዚህ እንቁጣጣሽ እናቴ ከሰው እኩል ተቀምጣ ትበላለች። እኔም ከጎኗ።

ስልክ እንደዛሬው የለም፤ በነሐሴ ዝናብ ቡራዩ ድረስ ሄድኩ። "አክስቴ፣ እማዬ ወገቧን አሟታል። ዶሮውን እኔ እሠራለሁ፤ እርስዎ እንጀራውን ብቻ ይዘው ይምጡ" አልኳት።

"እሺ የኔ ልጅ፣ ምን ችግር አለው!" አለችኝ።

በሌላ ቀን ደግሞ ሱሉልታ። ሚኒባሱ የእንጦጦን ዳገት እያቃሰተ ወጣ፤ በተሰበረው መስኮት እርጥብ የባሕር ዛፍ ሽታና ብርድ አብረው ይገቡ ነበር። አዴ ጫልቱ ትኩስ ወተት አጠጣችኝ። አይብ ብቻ ይዛ እንድትመጣ ስነግራት "ቶሌ፣ ቶሌ!" አለችኝ በኦሮምኛ፤ እሺ ማለቷ ነው። እንዲህ ቶሎ እሺ የሚል ሰው እንደሚያሰጋ ያኔ አልገባኝም።

ያስቸገረችኝ እናቴ ነበረች። "እንጀራ የሌለበት ቤት እንግዳ ልጠብቅ? ትንሽ ሊጥ እንኳ ላቡካ" ትላለች። ቡሃቃውን ሳይቀር ደበቅኩባት።

የእንቁጣጣሽ ለት ፀሐይ ወጣ። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሜዳ ግን ቢጫ በቢጫ ሆኗል። እናቴ ነጠላዋን አድርጋ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እንደ ሰው ቤት እንግዳ እጇን የምታደርግበት ጠፍቷታል። አክስቴ በላይነሽ በጋቢ የተጠቀለለ ድስት ታቅፋ ገባች።

"አክስቴ፣ እንጀራውስ?"

"ኤዲያ! እኔ በበዓል ቀን እንጀራ ተሸክሜ እህቴ ቤት ልግባ? ሰፈሩ ምን ይላል? እህቷ እንጀራ አጥታ ነው አይሉም? ዶሮ ሠርቼ መጣሁ፤ ሽንኩርቱ ዓይኔን ጨረሰው።"

ወዲያው ከበሩ "አካም ጅርቱ!" የሚል የሰላምታ ድምፅ መጣ። አዴ ጫልቱ ናት። ድስቷን ሳትፈታው ሽታው ነገረኝ።

"አዴ፣ አይቡስ?" አልኳት፤ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

"በሽተኛ ልጠይቅ ነው እንዴ የመጣሁት፣ አይብ ይዤ? ሱሉልታ ዶሮ የለም እንድትሉን?"

ኦቦ ደበላ የተደረደሩትን ሦስት ድስቶች ዞር ዞር ብሎ አያቸው። "ዘንድሮ በማንኪያ ነው?" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም።

ሊጥ በአንድ ጀምበር አይቦካ! እናቴ ልትነሳ ስትል "እንዳትነሺ!" ብዬ ጮህኩባትና ሰፌድ ይዤ ወጣሁ። በየጎረቤቱ ዞርኩ። ሁሉም ይስመኛል፣ ሁሉም እንኳን አደረሰሽ ይለኛል፣ እንጀራ ስል ግን "የኔ እናት፣ እኛም እንግዳ እየጠበቅን ነው" ይለኛል። እውነታቸውን ነው፤ በበዓል ቀን ማን እንጀራ ያውሳል? አንዱ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ተመልሼ በእጄ ነቀልኩት።

በመጨረሻ የክር ፋብሪካ ሠራተኞች የሚከራዩባቸው ክፍሎች ጋ ደረስኩ። ከሆሳዕና የመጣች ጌጤ የምትባል ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ቆጮ በጎመን እየበላች ነው። ጉዳዬን ስነግራት ጉርሻው አነቃት።

"ሦስት ድስት ዶሮ ያለ እንጀራ! ኧረ እናንተ ሰዎች ጌታ ይርዳችሁ!" አለችና ለሳምንቷ ያስቀመጠችውን እንጀራ አጣጥፋ ሰፌዴ ላይ አደረገችልኝ። "ውሰጂ፤ እኛ ቆጮ አለን።"

እየሮጥኩ ተመለስኩ። ሳቁ ከአጥሩ ውጪ ይሰማል። ስገባ ኦቦ ደበላ ለቡና ደፍቼ ያስቀመጥኩትን ድፎ ዳቦ ባርኮ ቆርሶት፣ ዶሮውን ሁሉ በዳቦ እያጠቀሱ ጨርሰውታል። እናቴ በሁለቱ ሴቶች መካከል ጫማዋን አውልቃ፣ ከጀርባዋ ትራስ ተደርጎላት ተቀምጣለች። ልትነሳ ስትል አዴ ጫልቱ ቀሚሷን ይዛ ትስባታለች።

"ኮቱ፣ ታኢ! ተቀመጪ! ምን ልታቀርቢ ነው የምትነሺው? እንጀራ እንኳ የለሽም!"

እናቴ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። በጉርሻ በተሞላ አፏ "ሙሉ፣ ነይ ብይ እንጂ" አለችኝ። የት ልቀመጥ? አንድ ሰው እንኳ ፈቀቅ አላለም። "እንጀራ መጣ" ብል "አሁንማ ጠግበናል" አሉኝ።

ጓዳ ገባሁ። የድስቶቹን ቂጥ በጌጤ እንጀራ እየጠረግኩ፣ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ሆኖ፣ ቆሜ በላሁ። እንጀራው ደግሞ ይጣፍጣል! እሱም አናደደኝ።

ማታ እናቴ "እንደ ዛሬ ያለ በዓል አሳልፌ አላውቅም" አለችኝ። እኔ አኩርፌ የጫማዬን ጭቃ መፋቅ ያዝኩ። በዓመቱ አክስቶቼ ባዶ እጃቸውን መጡ፤ እናቴም ሊጧን አቦካች።

ስንት እንቁጣጣሽ አለፈ፤ ንዴቱ ግን ዛሬም አለ። ድካሙን እንጠላዋለን፣ እናማርረዋለን፤ ካልደከምን ደግሞ የተገኘን አይመስለንም። አክስቴ በላይነሽ ያን ድስት ታቅፋ ስትገባ ምን እንደተሰማት የገባኝ ትናንት፣ "እንጀራ ብቻ" ስባል ነው። ልጄ ግን ልክ ናት። እናቴ የተቀመጠችው የምታቀርበው ስታጣ አይደል?

ዛሬ ጤፍ ልገዛ ወጥቼ ከገበያ እንደገባሁ፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ ብዬ ለሰላም ድምፅ ላክሁላት። "እሺ ልጄ፣ እንጀራ ብቻ አመጣለሁ። ግን መሐላችሁ ወንበር ያዙልኝ፤ ጓዳ አልገባም።"

ብዙም ሳይቆይ መለሰችልኝ።

"እሺ እማ፣ ወንበርሽ አለ። ግን ከኋላሽ የሚጮኸው አውራ ዶሮ የማነው?"

ዞሬ አየሁት። እግሩን እንደታሰረ ከጤፉ ከረጢት አጠገብ ቀና ብሎ ያየኛል።